ነጥቡ ለማን ይሰጥ?



ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ጦረኛ፣ ሌባ ወይም ሌላ ገጸ ባሕርይ ይይዛል። የጨዋታው መሪ ታሪኩን ይመራል፣ የልምድ ነጥብም ይሰጣል። ነጥቡ ሲጠራቀም ገጸ ባሕርዩ በደረጃ ያድጋል።

መጀመሪያ ላይ ነጥብ የሚገኘው በዋናነት ጭራቅ በማሸነፍና ሀብት በመሰብሰብ ነበር። ሰው ደግሞ የሚሸለምበትን ነገር ያበዛል። ስለዚህ ለገጸ ባሕርዩ ታምኖ ለተጫወተም ነጥብ መስጠት መጣ።

ይህም የራሱ ችግር አለው። ሁለት ተጫዋቾችን እናስብ። አንዱ አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ሁሉንም ያስቃል። ሌላው ዝምተኛ ነው፤ ነገር ግን ገጸ ባሕርዩ ለጋስ ስለሆነ ያለውን ወርቅ ሁሉ ምርኮኛ ለማስፈታት ይሰጣል። መሪው ብዙ ጊዜ የሚሸልመው የመጀመሪያውን ነው። ነጥቡ ስለሚጠራቀም ልዩነቱ በየጨዋታው ይሰፋል፤ ዝምተኛውም ውሎ አድሮ መምጣቱን ይተዋል።

በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ብልሃት አመጣ። ገጸ ባሕርዩን በደንብ የተጫወተ ሰው በነጥብ ፋንታ አንድ ዕድል ያገኝ ነበር፦ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ሁለቴ ጥሎ ትልቁን ቁጥር ይወስድ ነበር። ዕድሉ አይጠራቀምም ነበር። ከፈለገም በደንብ ለተጫወተ ጓደኛው ያስተላልፈው ነበር።

በቡድን አሳይመንትም ምስጋናው ፕረዘንት ላደረገው ብቻ ሲሄድ እናያለን። ስሌቱን በሌሊት የሠራውን ዝምተኛ ጓደኛችንን አንርሳ።