ፕሮፌሽናሎቹን ያስቆመው አማተር

የእንግሊዝ ኤፍ ኤ ካፕ ከሌላው ዋንጫ ተለይቶ የሚወደደው ትንሹም ትልቁም አንድ ሜዳ ላይ ስለሚገናኙበት ነው። እ.ኤ.አ በ2017 አምስተኛው እርከን ላይ ይጫወት የነበረው ሊንከን ሲቲ የፕሪሚየር ሊጉን በርንሌይ በገዛ ሜዳው 1ለ0 አሸንፎ ሩብ ፍጻሜ ገባ። አሰልጣኙ ዳኒ ካውሊ ብዙም ሳይርቅ የስፖርት አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። በሩብ ፍጻሜው ከአራት ቀን በፊት በባየርን ሙኒክ 5ለ1 የተቀጣው አርሰናል ንዴቱን በሊንከን ላይ ተወጣና 5ለ0 ሸኘው። ቢሆንም የዚያን ዓመት ሊንከንን የረሳ የኳስ አፍቃሪ የለም።

በፎቶግራፉ ዓለምም እንዲህ ዓይነት ዋንጫ አለ። ለንደን የሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በየዓመቱ የሚያዘጋጀው «የዓመቱ የዱር ሕይወት ፎቶ አንሺ» ውድድር ነው። እ.ኤ.አ በ1965 በሦስት ምድብና በጥቂት መቶ ፎቶዎች ብቻ የተጀመረው ይህ ውድድር፣ በ2025 የቀረቡለት ፎቶዎች ቁጥር 60,636 ደርሷል። ዕጣ የለ፣ ማጣሪያ የለ፤ ካሜራ ያለው ሁሉ ይገባል። ከ18 ዓመት በታች የሆኑት ደግሞ የመመዝገቢያ አይከፍሉም። ትልቁ ነገር ግን ዳኞቹ ፎቶውን ሲያዩ የአንሺውን ስም አለማወቃቸው ነው። ሠላሳ ዓመት በሙያው የኖረውም፣ ካሜራውን ዓመት በዓል ሲደርስ ብቻ የሚያወጣውም ፊታቸው ላይ እኩል ነው። ማልያ ለብሶ መግባት ክልክል የሆነበት ጨዋታ በሉት።

ኒማ ሳሪካኒ ወደዚህ ሜዳ የገባ እንግሊዛዊ አማተር ነው። የዋልታ ድብ ለማየት ከኖርዌይ በስተሰሜን ወደሚገኙት የስቫልባርድ ደሴቶች በመርከብ ተጓዘ። ሦስት ቀን ሙሉ ጉም ብቻ! ድብ ቀርቶ የድብ ጥላ የለም። እዚያ ድረስ ሄዶ ባዶ እጅ መመለስ ማለት ምን እንደሆነ፣ ትኬት ቆርጦ 0ለ0 አይቶ የወጣ ደጋፊ ያውቀዋል። መርከቧ አቅጣጫዋን ቀይራ የባህር በረዶ ወዳልጠፋበት ደቡብ ምሥራቅ ስታመራ ግን ሁለት ወንድ ድቦች ተገኙ፤ አንዱ ወጣት፣ ሌላው ዕድሜው የገፋ። እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወጣቱ ድብ አንዲት ትንሽ ተንሳፋፊ የበረዶ ግግር ላይ ወጣ። በመዳፉ እየቧጨረ መኝታውን አስተካከለ፤ ጥቅልል ብሎም ተኛ። ሳሪካኒ ካሜራውን ተጫነ። «የበረዶ አልጋ» የተባለው ፎቶ ተወለደ።

በዚያ ውድድር 49,957 ፎቶዎች ከ95 አገሮች ቀርበው ነበር። ሙዚየሙ ከእነዚህ ውስጥ 25ቱን መርጦ ለሕዝብ ድምፅ አቀረበ። እ.ኤ.አ በፌብሩዋሪ 2024 ውጤቱ ሲነገር 75,000 ሰው ድምፅ ሰጥቷል፤ ይህም በውድድሩ ታሪክ ከዚያ በፊት ያልታየ ቁጥር ነበር። አሸናፊው የአማተሩ ድብ ሆነ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ውድድሩ ሁለት ዋንጫ አለው፤ የዳኞቹና የሕዝቡ። በዚያው ዙር የዳኞቹን ዋንጫ የወሰደው ፈረንሳዊው ሎረን ባሌስታ ነው። ሰውየው በ2021ም አሸንፎ ስለነበር ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ባሌስታ ኑሮውን በባህር ውስጥ ፎቶ ያደረገ ትልቅ ስም ነው። «እንግዲያው የሳሪካኒ ዋንጫ የቲፎዞ ዋንጫ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። የፊፋን የፑሽካሽ ሽልማት ያስታውሷል። የ2015ን ምርጥ ጎል ሕዝብ ሲመርጥ በብራዚል የክፍለ ሀገር ሊግ ለጎያኔዚያ ይጫወት የነበረው ዌንደል ሊራ ሜሲን አሸንፎ ዙሪክ ላይ ሽልማቱን ተቀበለ። ያኔም «ሕዝብ ምን ያውቃል?» ተብሎ ነበር። ይሁንና ጎሉን ያየ ሰው አፉን ይይዛል። ለሳሪካኒም እንደዚያው ነው፤ 25ቱ ውስጥ ያስገባው ቲፎዞ ሳይሆን ሙዚየሙ ነው። ቀሪውን የሠራው ድቡ ነው። የዋልታ ድብ አደኑም ኑሮውም ባህር ላይ በሚተኛው በረዶ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ያ በረዶ ደግሞ በዓለም ሙቀት ምክንያት ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው። አንድ ድብ ከራሱ ብዙም በማይበልጥ አልጋ ላይ ሲተኛ ያየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ወደ እኛ ሀገር ስንመጣ ነገሩ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2019 ከ15 እስከ 17 ዓመት ባለው የታዳጊዎች ምድብ ያሸነፈው ፎቶ የተነሳው ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። አንሺው ሪካርዶ ማርኬጂያኒ የተባለ ጣሊያናዊ ልጅ ሲሆን፣ የመጣው ከአባቱና ከጓደኛው ጋር ነበር። ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኘው ጭላዳ ሌሊቱን የሚያድረው ገደሉ ላይ ነው፤ ሲነጋ ሣር ሊግጥ ወደ ላይ ይወጣል። አስጎብኚው ይህን ያውቃል። ልጁን በጨለማ መርቶ ጭላዳዎቹ ይወጡበታል ብሎ የገመተው የገደል አፋፍ ላይ አስቀመጠው። አንድ ሰዓት ያህል ብርድ ከተቀጡ በኋላ ልጇን ሆዷ ሥር ያንጠለጠለች እናት ጭላዳ ብቅ አለች። ሪካርዶ በመጠኑ ፍላሽ ተጠቅሞ ጸጉሯን ከጨለማው ተራራ ለይቶ አወጣው። እናትየዋ በጎን ትገላመጣለች፣ ግልገሏ ፈጥጦ ያያል። ግቡን ያስቆጠረው ጣሊያናዊው ነው፤ አሲስቱ ግን የአስጎብኚው መሆኑ መመዝገብ አለበት። ቦታ ማወቅና ጊዜ ማወቅ ከካሜራው ዋጋ በላይ የሠራበት ፎቶ ነው።

ጨዋታው ግን የራሱ ጨዋታ ውጪ አለው። ለመጨረሻው ዙር የሚያልፍ ሰው ካሜራው በቀጥታ የመዘገበውን፣ ያልተነካካውን ፋይል ማቅረብ ግዴታው ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ በ2009 ስፔናዊው ሆሴ ሉዊስ ሮድሪጌዝ በሌሊት አጥር ዘሎ የሚገባ ተኩላ አንስቶ ዋናውን ዋንጫና 10,000 ፓውንድ አሸነፈ። ፎቶው በእውነት ተረት ይመስል ነበር። ወዲያው የአገሩ ልጆች «ይህን ተኩላ እናውቀዋለን» አሉ፤ ማድሪድ አቅራቢያ ባለ የእንስሳት ፓርክ የሚኖር የለመደ ተኩላ ይመስላል የሚል ጥርጣሬ ተነሳ። ሰውየው ፈጽሞ አይደለም ብሎ ቢከራከርም ዳኞቹ ማስረጃውን መርምረው በጃንዋሪ 2010 ዋንጫውን ነጠቁት። በ2018 ደግሞ ብራዚላዊው ማርሲዮ ካብራል ከዓመት በፊት ያሸነፈበት የጉንዳን በሊታ ፎቶ ተሰረዘ። ባለሙያዎች እንስሳው ቆዳው ተሞልቶ የቆመ ነው ብለው ስለደመደሙ ነው። እሱም ክዶ ተከራክሯል። ማራዶና በ1986 በእጁ ያስቆጠረውን ዳኛው አላዩም፤ እዚህ ግን ቫሩ ዋንጫው ከተሰጠ በኋላም አይዘጋም።

በዚህ ዓይነት ነገር ይበልጥ የሚጎዳው አማተሩ ነው። ፕሮፌሽናሉ ነገ ሌላ ሥራ አለው። ከደመወዙ ቆጥቦ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ ሦስት ቀን ጉም የጠበቀው ሰው ግን በለመደ ተኩላ ከተቀደመ የከሰረው ጊዜ አይመለስለትም።

«እኔ ስቫልባርድ የምሄድበት ገንዘብ ከየት አመጣለሁ?» ለሚል መልስ አለ። የ2020ን የሕዝብ ምርጫ ያሸነፈው ሳም ራውሊ የትም አልሄደም። ለንደን ውስጥ የምድር ባቡር ጣቢያ ወለል ላይ በሆዱ ተኝቶ ለአንድ ሳምንት አይጥ ጠበቀ። ሁለት አይጦች በፍርፋሪ ሲደባደቡ አገኘና አሸነፈ። አይጥ!

የ2025 ዋና አሸናፊ ደግሞ ጅብ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ዊም ቫን ደን ሂቨር፣ ናሚቢያ ውስጥ ኮልማንስኮፕ በተባለችው ሰው አልባ የቀድሞ የአልማዝ ከተማ የጅብ ዱካ አይቶ ካሜራውን ፍርስራሹ መሀል ማጥመድ ጀመረ። የፈለገው ቡናማ ጅብ በሚፈልገው ቦታ እስኪቆምለት አሥር ዓመት ፈጅቶበታል። እሱ ፕሮፌሽናል ነው። የአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች ነዋሪ ግን ጅብ ለማየት አሥር ዓመት አያስፈልገውም፤ ማታ ቆሻሻ መጣያው ጋ ይጠብቃል፤ ካሜራ ይዞ የወጣ ሰው ነው ያልታየው።