የጎማ ነፋስና የቤት ወጪ

በሴቶችና በቤተሰብ ዓምድ ላይ የጎማን ነገር ምን አመጣው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጎማ የሾፌርና የጎሚስታ ጉዳይ ነው ተብሎ ሲታለፍ ኖሯል። ዳሩ ግን የቤንዚን ዋጋ ከሽንኩርቱና ከዘይቱ ጋር ተያይዞ ጓዳችን ከገባ ቆይቷል። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ እናቶች በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቁመው የአዲስ አበባ ሰው በእግሩ ሲጓዝ እንደነበረ ያስታውሳሉ። በቅርቡም በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣት ሲጀምር 48 ብር ያህል የነበረው የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አልፏል። አገራችን ነዳጅዋን በውጭ ምንዛሪ ከውጭ የምትገዛ በመሆኗ ዋጋውን እኛ በቤታችን ልንወስነው አንችልም። በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደምንሄድ ግን በመጠኑም ቢሆን በእጃችን ነው።

ዛሬ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ወደ ሥራዋ በመኪና የምትሄደው እናት ቁጥሯ ቀላል አይደለም። መሪ የማትጨብጠውም ብትሆን የመኪናውን ወጪ ከወር ደመወዝ ላይ ቀንሳ የምትመድበው እርሷው ናት። ስለዚህ በመጀመሪያ መኪናው የሚበላውን ማወቅ ያስፈልጋል። ታንከሩ ሙሉ ሲሆን የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር መዝግቦ መያዝ፤ በሌላ ጊዜ እንደገና እስከ አፉ ሲሞላ የገባውን ሊትር መመልከት ነው። በመካከሉ 360 ኪሎ ሜትር ተሂዶ 30 ሊትር ከገባ፣ መኪናው በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከወር ወደ ወር እያነሰ ከመጣ አስቀድሞ መታየት ያለበት የጎማው ነፋስ ነው።

ነፋሱ የጎደለ ኳስ ያንከባለለ ልጅ ድካሙን ያውቀዋል። ነፋሱ የጎደለ ጎማም እንዲሁ በአስፋልቱ ላይ እየተጨፈለቀ ስለሚሽከረከር ሞተሩ እርሱን ለመግፋት ብቻ ተጨማሪ ነዳጅ ያቃጥላል። የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር እንደሚገልጸው፣ ጎማዎቹ በአማካይ አንድ ፒ.ኤስ.አይ. በጎደላቸው ቁጥር 0.2 በመቶ ያህል ነዳጅ ይባክናል፤ የጎደለውን መሙላትም እስከ 3 በመቶ ሊያድን ይችላል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ነፋስ የጎደለው ጎማ ዳርና ዳሩ ቀድሞ ያልቃል፤ በረጅም መንገድ ላይም እየጋለ ሄዶ ሊፈነዳ ይችላል።

ትክክለኛው መጠን የተጻፈው በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ነው። ጎማው ራሱ ላይ የተጻፈው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛው መጠን እንጂ የሚሞላው አይደለም። ከጃፓን በመጡ መኪኖች ላይ ቁጥሩ በኪሎ ፓስካል ስለሚጻፍ ብዙዎችን ያደናግራል፤ 220 የሚለው 32 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ነው። ሳይጠይቁ ለመጣው መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት የሚሞሉ ጎሚስታዎች ስላሉ ቁጥሩን ራሳችሁ ብትነግሯቸው ይሻላል። ልኬቱ በወር አንድ ጊዜ፣ ጠዋት መኪናው ብዙ ሳይሄድ ይደረግ፤ የጋለ ጎማ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ስኮርታውም አይረሳ።

አዲስ ጎማ ሲገዛ ከመኪናው ጋር የመጣው ልክ ይጠበቅ። 165/70 አር 14 የሚል ጽሑፍ ቢኖር፣ 165 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፤ 70 የጎማው ጎን ከስፋቱ አንጻር በመቶኛ ሲሰላ ያለው ቁመት ነው፤ አር ራዲያል ማለት ነው፤ 14 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ለማማር ሲባል ሰፊ ጎማ ማስገባት አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ ይጨምራል። ዲ.ኦ.ቲ. ከሚሉት ፊደላት በሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ይናገራሉ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። በመጋዘን ያረጀ ጎማ አዲስ መስሎ እንዳይሸጥላችሁ እዩት።

እዚህ ላይ ሳይደበቅ መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ቀለል ብሎ ስለሚሽከረከር ነዳጅ በጥቂቱ ይቆጥባል። ነገር ግን በክረምት ዝናብ ፍሬን ሲያዝ ውሃውን የሚያስወጣለት ጥርስ ስለሌለው ይንሸራተታል። በብዙ አገሮች ጥርሱ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጎማ በመንገድ ላይ እንዳይሄድ የተከለከለውም ስለዚህ ነው።

ከጎማው ይልቅ ብዙ የሚቆጥበው ግን የነጂው እግር ነው። ከላይ የጠቀስነው ሚኒስቴር እንደሚለው በሚቆምና በሚነሣ የከተማ መንገድ ላይ በኃይል መነሣትና በኃይል ፍሬን መያዝ መኪናው በሊትር የሚሄደውን ርቀት ከ10 እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ቀደም ሲል የተቃጠለው ቤንዚን ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ ቀይ መብራት ከሩቅ ሲታይ እግርን ከነዳጅ መስጫው ላይ ማንሣትና መኪናው በራሱ እንዲቀዘቅዝ መተው፤ ከፊት ካለው መኪናም ራቅ ማለት ያስፈልጋል። ሚኒባሱ እየገባባችሁ ነው? ይግባ።

በየትምህርት ቤቱ በር ሞተር እያስነሡ ልጅ መጠበቅም ልማድ ሆኗል። የቆመ መኪና እንደ ሞተሩ መጠን በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ያህል ያቃጥላል። በቀን 20 ደቂቃ፣ በወር 20 የትምህርት ቀናት ቢጠበቅ ከ6 ሊትር በላይ ነው፤ በ100 ብር ሂሳብ እንኳ ከ600 ብር ይበልጣል። ጭሱን የሚተነፍሱትም ከበሩ የሚወጡት ልጆች ናቸው።

በአንጻሩ ቆጣቢ ነኝ ብሎ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ወይም ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ማርሽ አውጥቶ የሚለቅ አለ፤ ሞተሩን የሚያጠፋም አይጠፋም። ይህ በካርቡራቶር ዘመን የቀረ ሂሳብ ነው። ኢንጀክሽን ያላቸው መኪኖች ማርሽ ውስጥ ሆነው እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሣ ቤንዚኑን ራሳቸው ይዘጋሉ፤ ማርሽ ሲወጣ ግን ሞተሩን በሚኒሞ ለማቆየት እንደገና ያቃጥላሉ። በዚህም ላይ የሞተሩ መያዝ ስለሚቀር ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ ፍሬኑ ይደርቃል፤ መሪውም ይከብዳል። በኋላ ወንበር ልጆች የተቀመጡበት መኪና እንዲህ ሊነዳ አይገባም፤ ባለቤታችሁም ሆነ የቀጠራችሁት ሾፌር ይህን የሚያደርግ ከሆነ ዛሬውኑ ንገሩት።

ባዶ ፖርቶ መጋላ ነፋስ ስለሚይዝ ካልተፈለገ ይውረድ፤ በኮፈኑ ሥር ወር ሙሉ የሚዞረው ዕቃም እንዲሁ። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በባትሪ የሚሄዱት ተበራክተዋል። ለእነርሱም የጎማው ነፋስና የእግሩ ነገር ያው ነው፤ የሚያልቀው ቻርጁ ስለሆነ ብቻ ይለያል። እነዚህ መኪኖች በባትሪያቸው ምክንያት ከባድ በመሆናቸው ጎማ ሲለወጥ ከልኩ ቀጥሎ የተጻፈው የመሸከም አቅም ቁጥር ከቀድሞው እንዳያንስ ሻጩን ጠይቁ።