አንታሲድ፦ ቃርን የሚያበርድ መድኃኒት፣ ልኩና ሰዓቱ

አንታሲድ በጨጓራ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ተዋሕዶ የማቃጠል ኃይሉን የሚያበርድ፣ በነጭ ወፍራም ፈሳሽ ወይም በሚታኘክ ኪኒን መልክ የሚዘጋጅ መድኃኒት ነው። በእንጦጦ ተራራ ግርጌ በተዘረጋው በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ባሉት መድኃኒት ቤቶች፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ ያለ ሐኪም ማዘዣ ሊገዛ ይችላል። ያለ ማዘዣ መገኘቱ ግን እንዳሻው ይወሰዳል ማለት አይደለም። መድኃኒቱ እፎይታ የሚሰጠው ለአጭር ጊዜ፣ በልኩና ከሌሎች መድኃኒቶች በሰዓት ተለይቶ ሲወሰድ ነው፤ ይህ ካልተጠበቀ ሌላውን ሕክምና ሊያከሽፍ፣ ሥር የሰደደ በሽታንም ሊሸፍን ይችላል።

የጨጓራ አሲድ በራሱ ጠላት አይደለም። የጨጓራ ግድግዳ በየቀኑ እስከ 2 ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ የሚያመነጭ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከምግብ ጋር የገቡ ብዙ ጀርሞችን ይገድላል፤ ፔፕሲን የተባለው የምግብ ፈጪ ንጥረ ነገርም ሥጋና ጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን መፍጨት የሚችለው በዚሁ አሲድ ታግዞ ነው። ጨጓራ ራሱን ከአሲዱ የሚጠብቀው በውስጠኛው ገጽ ላይ በተነጠፈ ዝልግልግ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ሲሳሳ ሕመምና ቁስል ይከተላል፤ የምግብ ቧንቧን ከጨጓራ የሚለየው የጡንቻ ቀለበት ሲላላ ደግሞ አሲዱ ወደ ላይ እየወጣ ደረትንና ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ቃር የሚባለውም ይኸው ነው።

በአንታሲድ ጠርሙስ ወይም እሽግ ላይ በብዛት የሚነበቡት ስሞች አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማግኒዚየም ትራይሲሊኬት፣ ካልሲየም ካርቦኔትና ሶዲየም ባይካርቦኔት ናቸው። አሉሚኒየም ያለበት ሆድ ያደርቃል፣ ማግኒዚየም ያለበት ደግሞ ያስቀምጣል፤ በብዙዎቹ ፈሳሾች ሁለቱ አብረው የሚቀመሙትም አንዱ የሌላውን ጉዳት እንዲያቻችል ነው። ቤኪንግ ሶዳ ላይ ሎሚ ሲጨመቅ ወዲያው አረፋ እንደሚነሣ ሁሉ፣ ባይካርቦኔትና ካርቦኔትም ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኙ ጋዝ ይፈጥራሉ፤ ከዋጡ በኋላ የሚመጣው ግሳትና የሆድ መነፋት ከዚህ የተነሣ ነው። አንታሲድ የሚያበርደው አስቀድሞ የተመረተውን አሲድ ብቻ በመሆኑ፣ የአሲዱን ምርት ከምንጩ ከሚቀንሱት እንደ ኦሜፕራዞል ካሉት መድኃኒቶች ይለያል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያስታግሣል፣ ነገር ግን ፈጥኖ ያልቃል።

በአማርኛ «ጨጓራ አለብኝ» ሲባል የአካሉ ስም የበሽታው ስም ሆኖ ያገለግላል፤ ከዚህ አንድ ቃል ሥር ግን ቃር፣ የጨጓራ መቆጣት፣ ቁስልና ከዚያም የከፋ ሕመም ተሰባስበው ይገኛሉ። ከመንስኤዎቹ ዋነኛው ሕዝቡ «የጨጓራ ባክቴሪያ» የሚለው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ነው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ይህ ተሕዋስ የጨጓራ መቆጣትና ቁስል እንደሚያመጣ በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በኢትዮጵያ የተካሄዱ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ባክቴሪያውን ተሸክሞ እንደሚኖር ያመለክታሉ፤ ይሁን እንጂ የተሸከመው ሁሉ አይታመምም። ሌላው መንስኤ እንደ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች የጨጓራን ሽፋን ማሳሳታቸው ነው። አንታሲድ ባክቴሪያውን አይገድልም፤ ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ እየዋጠ በላዩ አንታሲድ የሚጠጣ ሰውም ምክንያቱን ሳይነካ ስሜቱን ብቻ ያደነዝዛል።

በየቤቱ የሚታወቁ ማስታገሻዎችም አሉ። ተልባ ሲዘፈዘፍ የሚያወጣው ልጋግ ለጊዜው ያለዝባል። ወተት ለጥቂት ጊዜ ቢያበርድም በውስጡ ያለው ፕሮቲንና ካልሲየም ጨጓራን መልሶ አሲድ እንዲያመነጭ ይገፋፋዋል። አምቦ ውሃ ባይካርቦኔት ስላለው አንዳንዱን ሰው ቢያስታግሥም፣ ጋዙ ጨጓራን እየነፋ አሲዱን ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል። ቃር ለሚያስቸግረው ሰው የበለጠ የሚጠቅመው እራትን አቅልሎ መብላት፣ ከበሉ በኋላ 3 ሰዓት ያህል ሳይተኙ መቆየትና የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግ ነው።

የአንታሲድ ፈሳሽ ሲቀመጥ ነጩ ዝቃጭ ከጠርሙሱ ሥር ይተኛል፤ ሳይናጥ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ ውሃውን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከልክ ያለፈውን መድኃኒት ይወስዳል። ስለዚህ በደንብ መናጥና በሾርባ ማንኪያ ግምት ሳይሆን ከጠርሙሱ ጋር በሚመጣው መለኪያ መለካት ይገባል፤ ኪኒኑም እስኪደቅ መታኘክ አለበት። በባዶ ሆድ የተወሰደ አንታሲድ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከጨጓራ ይወጣል፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ የተወሰደው ግን እስከ 3 ሰዓት ሊሠራ ይችላል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው ጉዳይ የሰዓት ልዩነት ነው። አሉሚኒየም፣ ማግኒዚየምና ካልሲየም አንዳንድ መድኃኒቶችን በሆድ ውስጥ አጥብቀው ስለሚይዙ መድኃኒቶቹ ወደ ደም ሳይገቡ ከሰውነት ይወጣሉ። ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባሉት ፀረ ባክቴሪያዎች፣ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የአይረን ኪኒን፣ የእንቅርት መድኃኒት የሆነው ሌቮታይሮክሲንና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው አይሶናያዚድ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ወገኖች በየቀኑ የሚወስዱት ዶሉቴግራቪር አሉሚኒየም ወይም ማግኒዚየም ካለበት አንታሲድ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መዋጥ አለበት። ይህን ልዩነት ያልጠበቀ ታካሚ አንድም ኪኒን ሳያጓድል መድኃኒቱን እንዳልወሰደ ያህል ሊሆን ይችላል።

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰውም አንታሲድን በራሱ ውሳኔ መውሰድ የለበትም። ጉለሌ ውስጥ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2008 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ሕክምና የሚጠብቁ ሕሙማን ኩላሊታቸው ማግኒዚየምንና አሉሚኒየምን አጣርቶ ማውጣት ስለማይችል ማዕድኖቹ በደማቸውና በአጥንታቸው ይከማቻሉ። ሶዲየም ባይካርቦኔት በጨውነቱ የደም ግፊትና የልብ ድካም ላለበት ሰውና ለነፍሰ ጡር አይመከርም፤ ካልሲየም ካርቦኔትም ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ኩላሊትን ይጎዳል።

አንታሲድ ያለ ሐኪም ምክር ከ2 ሳምንት በላይ አይወሰድም። ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዓይነ ምድር፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ፣ ምግብ ሲዋጥ መሰካት፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የደም ማነስ ከታየ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፤ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ የደረት ሕመም ደግሞ የልብ ሕመም ሊሆን ስለሚችል እንደ ቃር ቆጥሮ መዋል አደገኛ ነው። መድኃኒት ቤት ለሚሄድ ሰው «የጨጓራ መድኃኒት ስጡኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም። የሚውጠውን ሌላ መድኃኒት፣ እርግዝና ወይም የኩላሊት ሕመም ካለ ይህንኑ፣ ቃሩም ከጀመረ ስንት ሳምንት እንደሆነው አብሮ ከተናገረ፣ ባለሙያው የትኛው አንታሲድ እንደሚስማማውና በየትኛው ሰዓት እንደሚወሰድ በጠርሙሱ ላይ ይጽፍለታል፤ ወይም መድኃኒቱን ከመስጠት ይልቅ ወደ ሐኪም ይልከዋል።