በጊዜ የሚዘጋው ጠጅ ቤት

ማታ አዲስ አበባ፣ ላፍቶ ላይ መዝናናት ያሰበ ሰው ምርጫው ሁለት ነው። ወደ ጀሞና ወደ ለቡ ካቀና ድራፍት የሚቀዳበት፣ ስፒከሩ ወደ መንገድ የዞረ ቤት አያጣም። ገባ ካለ ደግሞ ቆርቆሮ አጥር ውስጥ፣ ያለ ማስታወቂያ የሚሠራ ጠጅ ቤት አለ። ይሄኛው የሚደምቀው ሰው ከሥራ ሲወጣ ነው፤ የወዲያኛው ጭፈራ ሲጀመር እዚህ ሒሳብ እየተከፈለ ነው።

የቤቱ ዕቃ ጥቂት ነው፦ ረጅም አግዳሚ፣ ጠባብ ጠረጴዛና ብርሌ። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጭን የሆነው ብርሌ ለችኩል ሰው አይመችም፤ ቸኩሎ ያጋደለው ደረቱን ያጠጣዋል። ባይተዋወቁም አግዳሚ የተጋሩ ሰዎች ወሬ መጋራታቸው አይቀርም። አንዳንድ ቀን አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ብቅ ይላል፤ ግጥም የሚቀበለው ከጠጪው ነው፣ ሽልማቱንም እንዲሁ።

ጠጅ ማር፣ ውኃና ጌሾ ነው። ማሩ በሦስት እጥፍ ገደማ ውኃ ይበረዛል፤ የጌሾ እንጨት ይገባበትና እንደ አየሩ ሙቀት ከሳምንት እስከ ሦስት ሳምንት ይብላላል። ሳይብላላ የሚጠጣው ብርዝ ለማይጠጣ ሰው ይቀርባል። ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይም ደረቅ ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ደረቁ ብዙ የቆየው ስለሆነ ጣፋጭነቱ ቀንሶ ጉልበቱ ጨምሯል፤ ይህ ጉልበት ደግሞ የሚታወቀው ከወንበር ሲነሡ ነው። ማር ሲወደድ ስኳር የሚቀላቅል ቤት ስለሚበዛ ነባር ደንበኛ አጣጥሞ ነው የሚያዝዘው።

ጠጅ ድሮ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር። ለሕዝብ የሚቀዳው ሲበዛ ንግዱን በአብዛኛው የያዙት ሴቶች፣ ኮማሪቶቹ ናቸው። ሆኖም ባለቤቷ ሴት ብትሆንም ሴት ጠጪ ዛሬም ብርቅ ናት። ባህል ነው ተብሎ ሊታለፍ የሚገባ አይመስለኝም።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ አዲስ አበባ ለዓመታት በሰዓት እላፊ ስትኖር፣ ትልልቆቹ ሆቴሎች ባንድ እያስጫወቱ እንግዳቸውን እስከ ንጋት ያሳድሩ ነበር። በጊዜ የመዝጋት ልማድ ያለው ጠጅ ቤት ያን ያህል ሳይቸገር እንዳለፈ መገመት አይከብድም። አሁን ነገሩ ተገልብጧል፤ በ2017 ዓ.ም. ከተማ አስተዳደሩ በኮሪደር ልማት መንገዶች ዳር ያሉ ንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3:30 እንዲሠሩ ደንብ አወጣ። ውስጥ ለውስጥ ያለው ጠጅ ቤት ግን ዋናው መንገድ ዳር ስላልሆነ፣ ሰዓቱን የሚወስንለት ዛሬም የጋኑ መጉደልና የደንበኛው ወደ ቤት መሄጃ ነው።