ስሌቱን የማይደብቅ ሪፖርት፦ ቁጥርና ጽሑፍ በአንድ ሰነድ

አንድ የግብርና ባለሙያ የአምስት ማሳዎችን የስንዴ ምርት መዝግቧል እንበል፤ በሄክታር 20፣ 25፣ 30፣ 25 እና 50 ኩንታል። አማካዩ 30 ኩንታል ይሆናል። ይህ ቁጥር በሪፖርቱ መግቢያ፣ በሠንጠረዡና በማጠቃለያው ላይ በእጅ ይጻፋል። ከሳምንት በኋላ ግን 50 ተብሎ የተመዘገበው ማሳ የሰጠው 15 ኩንታል ብቻ እንደነበር ይታወቃል። አማካዩ ወደ 23 ይወርዳል። ባለሙያው ሠንጠረዡን አርሞ ማጠቃለያውን ከዘነጋ፣ ሪፖርቱ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮችን ይዞ ወደ ዞን ይሄዳል። የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ዕቅድ የሚወጣው ደግሞ በእንዲህ ያለ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ነው።

የስታትስቲክስ ባለሙያዎች ለዚህ ችግር ያበጁት መፍትሔ ስሌቱንና ጽሑፉን በአንድ ፋይል ውስጥ ማኖር ነው። ሰው የሚያነበው ዐረፍተ ነገር ይጻፋል፤ በመካከሉ ለኮምፒውተሩ የሚሰጥ ትእዛዝ፣ ማለትም ኮድ፣ ይገባል። «የማሳዎቹ አማካይ ምርት» ከሚለው ቀጥሎ 30 ተብሎ አይጻፍም፤ በቦታው አማካዩን ከመረጃው ፋይል የሚያሰላ ትእዛዝ ይቀመጣል። ሰነዱ ሲዘጋጅ ኮምፒውተሩ መረጃውን አንብቦ ያሰላል፤ ውጤቱንም በዐረፍተ ነገሩ፣ በሠንጠረዡና በግራፉ ላይ ያሰፍራል። መረጃው ሲታረም ሰነዱን እንደገና ማስኬድ ብቻ ይበቃል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ዶናልድ ክኑት ፕሮግራም ለማሽን ብቻ ሳይሆን ለሰው እንዲነበብ ሆኖ መጻፍ እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጽሑፍ አስረድቷል። ዛሬ አር ማርክዳውን፣ ኳርቶና ጁፒተር የተሰኙት መሣሪያዎች ይህንኑ ሥራ ያከናውናሉ፤ ሁሉም በነጻ ይገኛሉ።

ጉዳዩ የወረዳ ሪፖርት ብቻ አይደለም። ዕውቅ የምጣኔ ሀብት ምሁራን የሆኑት ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ የመንግሥት ዕዳቸው ከአጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርታቸው 90 በመቶ ያለፈ የበለጸጉ ሀገራት ኢኮኖሚ በአማካይ በ0.1 በመቶ እንደቀነሰ አስነበቡ። በአውሮፓና በአሜሪካ የመንግሥት ወጪ እንዲቀነስ የሚሹ ፖለቲከኞች ጥናቱን ደጋግመው ጠቀሱት። እ.ኤ.አ. በ2013 ቶማስ ኸርንደን የተባለ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የኤክሴል ፋይሉን ከምሁራኑ አግኝቶ ሲመረምር፣ የአማካዩ ቀመር አውስትራሊያን፣ ኦስትሪያን፣ ቤልጂየምን፣ ካናዳንና ዴንማርክን እንደዘለለ ደረሰበት። ከመምህራኑ ጋር ሆኖ ይህንና ሌሎች የመረጃ አመራረጥና የአመዛዘን ጉዳዮችን አስተካክሎ ሲያሰላ ውጤቱ የ2.2 በመቶ ዕድገት ሆነ። ምሁራኑ የቀመሩን ስሕተት አመኑ፤ በዋናው መደምደሚያቸው ግን ጸኑ። ስሌቱ ከጽሑፉ ጋር አብሮ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ የቀመሩን ግድፈት ለማግኘት 3 ዓመት ባላስፈለገ ነበር።

እርግጥ ነው፣ መሣሪያው የተዛባ ሚዛንን አያቃናም፤ ማሳ ላይ በስሕተት የተመዘነ ምርት በየትኛውም ኮድ ቢሰላ ያው ስሕተት ነው። ኮድ መማርም ኤክሴል ለለመደ እጅ ቀላል አይደለም። የአርሶ አደሮች ስምና ስልክ የሰፈረበት ጥሬ መረጃ ከሰነዱ ጋር እንዲሁ ሊለቀቅ አይገባም፤ ስሙ ወጥቶ በመለያ ቁጥር መተካት አለበት። ሶፍትዌሩ ሲታደስ የቆየ ኮድ አልሠራም ሊል ስለሚችልም፣ ሰነዱ በየትኛው ስሪት እንደተዘጋጀ መመዝገብ ያሻል። ኢንተርኔት ለሚቆራረጥባቸው ጽሕፈት ቤቶች ግን አንድ መልካም ነገር አለ፤ መሣሪያዎቹ አንዴ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።