ከመጠን በላይ የጋለ የጋዝ ቦይለርና የቤተ ሰብ ደኅንነት

እሳትና ውሃ ለሰው ልጅ መልካም አገልጋዮች ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ዝግ ዕቃ አጠገብ ሲገናኙ ጠባቂ ያስፈልጋቸዋል። ገላንና ልብስን በሙቅ ውሃ መታጠብ ለጤና የሚሰጠውን ጥቅም አንባቢዎቻችን በሚገባ ያውቁታል። ዛሬ ልናስረዳ የምንፈልገው ይህን ሙቅ ውሃ የሚያዘጋጅልን ቦይለር ተበላሽቶ ከመጠን በላይ በሚግልበት ጊዜ የቤቱ ሰዎች ምን ሊያደርጉ፣ ከምንስ ሊጠነቀቁ እንደሚገባ ነው።

በአውሮፓ፣ ይልቁንም በእንግሊዝ አገር፣ አብዛኛው ቤት በክረምት የሚሞቀውና የመታጠቢያ ውሃ የሚያገኘው በጋዝ በሚሠራ ቦይለር ነው። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም በየቀኑ ይጠቀሙበታል። በአገራችን ከተሞች የሚበዛው ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራው ቦይለር ነው። የሙቀቱ ምንጭ ቢለያይም፣ በዝግ ዕቃ ውስጥ የሚሞቅ ውሃ የሚገዛበት ሕግ አንድ ስለ ሆነ፣ ስለ ግፊትና ስለ ፈላ ውሃ የምንናገረው ለሁሉም ይጠቅማል።

የጋዝ ቦይለር አሠራር አስቸጋሪ አይደለም። ጋዙ ይነድዳል፤ ነበልባሉ ውሃ የሚያልፍበትን ብረት ያሞቃል፤ የሞቀውን ውሃ ፓምፕ እየገፋ በቧንቧ ወደ ክፍሎቹ ያዳርሰዋል፤ የተቃጠለውም አየር በጭስ ማውጫው ወደ ውጭ ይወጣል። ውሃው የተወሰነለት ሙቀት ላይ ሲደርስ ቴርሞስታት የተባለው መቆጣጠሪያ ጋዙን ይዘጋል፤ ሲቀዘቅዝም መልሶ ይከፍታል። ነገር ግን ፓምፑ ሲቆም፣ ቧንቧው በዝገትና በአተላ ሲደፈን፣ ውሃው ሲያንስ፣ ወይም ቴርሞስታቱ ሲበላሽ ሙቀቱ መሄጃ ስለሚያጣ ውሃው በዚያው ይፈላል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምናየው ያለ ነጭ የኖራ ቅርፊት በብረቱ ላይ ሲጋገርም ቦይለሩ ማጉረምረምና መንኳኳት ይጀምራል።

ዕቃውን የሠሩት ሰዎች እንዲህ ያለው ብልሽት እንደሚመጣ አስቀድመው ስላወቁ ሁለት ጠባቂዎች አቁመውለታል። አንደኛው፣ ቴርሞስታቱ ቢሰንፍ ውሃው ወደ 100 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ጋዙን ቆርጦ እሳቱን የሚያጠፋው መቁረጫ ነው። ይህም መቁረጫ ብዙውን ጊዜ ሰው ቁልፉን ተጭኖ ካላስነሣው በቀር ተመልሶ አይከፍትም። ሁለተኛው፣ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ተከፍቶ ውሃና እንፋሎት የሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቭ ነው። በቤት ማሞቂያ ላይ ያለው ቫልቭ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው ግፊቱ 3 ባር ሲደርስ ነው፤ ዕቃው ቀዝቃዛ ሳለ ግን የግፊት መለኪያው ከ1 እስከ 1.5 ባር ገደማ ያሳያል። የቫልቩ ብልሃት አዲስ አይደለም። ዴኒስ ፓፔን የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ በ17ኛው መቶ ዓመት አጥንት የሚያለሰልስ ዝግ ድስት ሲሠራ፣ ግፊቱ ሲበዛ የሚከፈት ክዳን አብሮ አበጅቶለት ነበር።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ምክር የሚከተለው ነው። እሳቱን ደጋግሞ የሚያጠፋ መቁረጫና ውሃ የሚያንጠባጥብ ቫልቭ ከሁሉ አስቀድሞ አደጋን የሚናገሩ ምስክሮች ናቸው። ነገር ግን አንዳንድ ሰው ውሃው ስለ ቀዘቀዘበት ብቻ ቁልፉን አሥር ጊዜ ይጫናል፤ ወለሉ ስለ ራሰበት ብቻ የቫልቩን ቧንቧ በውታፍ ይደፍናል። ይህም ሌባ ሲመጣ የጮኸውን ውሻ አፉን ከማሰር አይለይም።

ጠባቂዎቹ ዝም ከተሰኙ ምን እንደሚከተል በጀበና ማስረዳት ይቻላል። የጀበና አፍ ክፍት ስለ ሆነ ቡናው ቢገነፍል ጉዳቱ እሳቱን ከማጥፋት አያልፍም። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ በክፍት ዕቃ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በዝግ ዕቃ ውስጥ ግን ግፊቱ መፍላቱን ስለሚከለክለው፣ ግፊቱ 3 ባር በደረሰበት ዕቃ ውስጥ ውሃው ሳይፈላ ከ140 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ያለው ዕቃ በድንገት ቢሰነጠቅ ከውሃው ከፊሉ በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1600 ሊትር በላይ ቦታ ስለሚይዝ፣ የዕቃው መፈንዳት ግድግዳ እስከ ማፍረስ ይደርሳል።

ዕቃው ሳይፈነዳም ቢሆን ሁለት ሌሎች አደጋዎች አሉ። የመጀመሪያው በፈላ ውሃ መቃጠል ነው። 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ የአንድን ጎልማሳ ቆዳ በ5 ሰከንድ ያህል ክፉኛ ያቃጥላል፤ የሕፃናት ቆዳ ስስ ስለ ሆነ ከዚያም ይፈጥናል። ሁለተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ ነው። የቦይለሩ ብረት በጥላሸት ሲሞላ፣ ጭስ ማውጫው ሲደፈን ወይም አየር ሲያጥር ጋዙ በሚገባ ስለማይቃጠል ይህ መርዝ ይፈጠራል። ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኀይል ስለሚይዘው ሰውነት ይታፈናል። በተዘጋ ክፍል የከሰል ፍም አስገብተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለውም ይኸው መርዝ ነው። ሰማያዊ መሆን የሚገባው ነበልባል ወደ ቢጫነት ሲለወጥ፣ በቦይለሩ ዙሪያ ጥላሸት ሲታይ፣ በቤቱ ያሉ ሰዎች ሁሉ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲሰማቸውና ወደ ውጭ ሲወጡ ሲሻላቸው፣ መርዙ በቤቱ እንዳለ መጠርጠር ይገባል።

ቦይለሩ ከመጠን በላይ መጋሉ ሲታወቅ፣ የጋዝ ሽታም ከሌለ፣ እንደሚከተለው ማድረግ ይገባል።

አንደኛ፣ ቦይለሩን በመቆጣጠሪያው አጥፉ፤ ቀጥሎም የጋዙን መክፈቻ ዝጉ። የመክፈቻው እጀታ ከቧንቧው ጋር በአንድ መስመር ሲሆን ጋዙ ክፍት ነው፤ ቧንቧውን አቋርጦ ሲቆም ዝግ ነው። ቦይለሩ የኤሌክትሪክ ከሆነ በቆጣሪው አጠገብ ያለውን ማጥፊያ አውርዱ።

ሁለተኛ፣ መስኮትና በር ከፍታችሁ ልጆችንና አረጋውያንን ከአካባቢው አርቁ። ዕቃው የሚንኳኳ፣ የሚያጓራ ወይም እንፋሎት የሚተፋ ከሆነ ለመመርመር ሳትጠጉ ሁላችሁም ከቤት ወጥታችሁ የእሳት አደጋ መከላከያን ጥሩ።

ሦስተኛ፣ ዕቃው በራሱ ጊዜ እንዲበርድ ተዉት። እስኪበርድ ድረስ የሙቅ ውሃ ቧንቧ አትክፈቱ፤ ከውሃው ጋር እንፋሎት ሊወጣ ይችላልና። በጋለው ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ወይም በጋለው ቦይለር ውስጥ አዲስ ውሃ መሙላትም ፈጽሞ አይገባም፤ ብረቱ በድንገት ሲኮማተር ይሰነጠቃልና።

አራተኛ፣ የጋዝ ባለሙያ እስኪመረምረው ድረስ እሳቱን መልሳችሁ አታስነሡ። ከበረደ በኋላ ደኅና መስሎ መታየቱ ለመዳኑ ማስረጃ አይሆንም።

የጋዝ ሽታ ካለ ግን ሥርዓቱ ይለያል። ክብሪት አትጫሩ፤ መብራት አታብሩ፤ የበራውንም አታጥፉ፤ በማጥፊያው ውስጥ የምትፈጠር ጥቂት ብልጭታ ጋዙን ለማቀጣጠል ትበቃለችና። መክፈቻው በቅርብ ከተገኘ ዝጉት፤ መስኮት ከፍታችሁ ውጡ፤ ስልክም ከቤቱ ርቃችሁ ደውሉ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ በወለልና በጉድጓድ ይተኛል፤ በቧንቧ የሚመጣው የተፈጥሮ ጋዝ ግን ከአየር ስለሚቀልል ወደ ጣራ ይወጣል።

ይህ ሽታ ከጋዙ ጋር የተፈጠረ አይደለም፤ ሰዎች እንዲያውቁት በኋላ የሚጨመር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር መጋቢት 18 ቀን 1937 ዓ.ም. በአሜሪካ በቴክሳስ ክፍል፣ ኒው ለንደን በተባለች ከተማ፣ ሽታ የሌለው ጋዝ በአንድ ትምህርት ቤት ወለል ሥር ተጠራቅሞ ፈነዳ፤ ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራንም አለቁ። ከዚያ በኋላ በቴክሳስ ጋዝ ላይ ሽታ እንዲጨመር በሕግ ታዘዘ። ስለዚህ ያ መጥፎ ሽታ በብዙ ሕይወት የተገዛ ማስጠንቀቂያ መሆኑን አውቆ፣ ቸል ሳይሉ መታዘዝ ይገባል።

ሰው በፈላ ውሃ ወይም በእንፋሎት ቢቃጠል፣ የተቃጠለውን ቦታ ቀዝቃዛ በሆነ ንጹሕ ወራጅ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዝ፣ ከቆዳው ጋር ያልተጣበቀ ልብስና ጌጥ ማውለቅ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖም ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል። ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ሙቀቱን በቆዳው ውስጥ ይይዛል፤ ቁስሉንም ያመረቅዛል። በካርቦን ሞኖክሳይድ የተመረዘውን ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ፣ ቢሻለውም እንኳ፣ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል።

ከሕክምናው መከላከሉ ይቀላል። የጋዝ ቦይለር በየዓመቱ አንድ ጊዜ በባለሙያ ይመርመር፤ ጭስ ማውጫውና የአየር መግቢያው አይደፈን፤ መርዙን የሚያስታውቀው የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወልም በቤት ይሰቀል። በእንግሊዝ አገር ጋዝ ሴፍ በተባለው መዝገብ ካልተመዘገበ ሠራተኛ በቀር ለሥራው ዋጋ እየተቀበለ የጋዝ ቦይለር ማደስ በሕግ የተከለከለ ነው። በማናቸውም አገር ቢሆን ከባለሙያ በቀር ሌላ ሰው የቦይለሩን መክደኛ ፈትቶ እንዲነካካ መፍቀድ አይገባም።

መምህራን ሆይ፣ ይህን ትምህርት ወደ ልጆች ማድረስ የእናንተ ድርሻ ነው። ልጁ የጋዙ መክፈቻ የት እንዳለ፣ ሽታ ሲሸተው ማንን እንደሚጠራ፣ ከሚንኳኳ ቦይለርም መራቅ እንደሚገባው ካወቀ፣ ወላጆቹ በሌሉበት ሰዓት ራሱንና ታናናሾቹን ሊያድን ይችላል። የቤቱ አባትና እናትም ዛሬ ማታ ከመተኛታቸው በፊት የቫልቩ ቧንቧ በውታፍ አለመደፈኑን አይተው ያረጋግጡ፤ ተደፍኖ ካገኙትም ቦይለሩን አጥፍተው፣ ሲነጋ ባለሙያ ይጥሩ።