ውሃ የጠረበው በረሃ

በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ዩታና ሰሜን አሪዞና በሚገናኙበት በረሃ ለሚጓዝ ሰው ዙሪያ ገባው ድርቀት ነው። ቀይ ገደል፣ ራቁቱን የቆመ ድንጋይ፣ አልፎ አልፎ ጥድና ቁጥቋጦ። ዛየን በሚባለው ሸለቆ የዓመቱ ዝናብ ተጠራቅሞ በአማካይ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ይህን ምድር የሰነጠቀው፣ የፈለፈለውና የጠረበው ግን ውሃ ነው። ወንዝ፣ ምንጭ፣ ደራሽ ጎርፍና ውርጭ ሥራውን ተከፋፍለው ይዘውታል፤ ዛሬም አላቆሙም። ውሃው በየት እንዳለፈና አሁን የት እንዳለ እየጠየቀ የሚሄድ መንገደኛ ከሌላው የበለጠ ያያል፤ ከብዙ አደጋም ይተርፋል።

አምባውና መንገዱ

አካባቢው የኮሎራዶ አምባ ይባላል። ዩታ፣ አሪዞና፣ ኮሎራዶና ኒው ሜክሲኮ የሚጋሩት ሰፊና ከፍተኛ ምድር ነው። በባሕር ወለል፣ በሐይቅ ዳርና በአሸዋ በረሃ የተከማቸው ንብርብር ድንጋይ በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ብዙም ሳይታጠፍና ሳይሰባበር ወደ ላይ ተነሣ። መሬቱ ከፍ ባለ ቁጥር ወንዞቹ ቁልቁለት አገኙ፤ ከቁልቁለቱ ጋርም ጉልበት አገኙና ንብርብሩን እየቆረጡ ወረዱ። ግራንድ ካንየን፣ ዛየን፣ ብራይስ ካንየን፣ አርችስና ካንየንላንድስ የተባሉት ፓርኮች ሁሉ የዚህ አምባ ልጆች ናቸው። የሚያስተዳድራቸውም እ.ኤ.አ. በ1916 የተቋቋመው የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትና ወራትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)።

ለጉዞው የሚመቸው መነሻ ላስ ቬጋስ ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ። ከዚያ በአውራ ጎዳና ቁጥር 15 ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲነዱ ዛየን ድረስ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሦስት ሰዓት ቢወስድ ነው። ከዛየን እስከ ብራይስ ደግሞ 135 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ። አንድ መኪና፣ አንድ ጓደኛና የጥቂት ቀናት ዕረፍት ያለው ሰው ሁለቱንም አይቶ መመለስ ይችላል። እኔና ጓደኛዬ የሄድነው በፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት መካከል ባለው ዕረፍት ነበር። የእኛ ገና ገና ስላልደረሰ ጾም ላይ ነበርን፤ ስንቃችንም በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ሆነ። ለተራራ መንገድ ከዚህ የተሻለ ስንቅ አላውቅም፤ አይከብድም፣ አይበላሽም፣ ጉልበት ይሰጣል።

ዛየን፦ ወንዝና ምንጭ

ዛየን በ1919 ብሔራዊ ፓርክ ሲባል በዩታ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በፊት ከብዙ ትውልድ ጀምሮ የደቡብ ፓዩት ሕዝብ ይኖርበት፣ ያርስበትና ያድንበት ነበር።

ግራና ቀኝ የቆመው ግድግዳ ናቫሆ የሚባል የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱ በአንዳንድ ቦታ 600 ሜትር ይደርሳል። ከ180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይህ ሁሉ ነፋስ የሚያመላልሰው የአሸዋ ክምር ነበር። አሸዋው ተቀብሮ፣ በውስጡ ያለፈው ውሃ በተሸከመው ማዕድን ተጣብቆ ድንጋይ ሆነ፤ ብረት ያለው ክፍል ቀላ፣ ብረቱ የታጠበው ነጣ። ገደሉ ላይ ዘንበል ዘንበል ብለው የሚታዩት ቀጫጭን መስመሮች የጥንቶቹ የአሸዋ ክምሮች ተዳፋት ናቸው። ነፋሱ ያን ጊዜ ወዴት ይነፍስ እንደነበር ከእነሱ ይነበባል።

ይህን ግድግዳ ለሁለት የከፈለው ቨርጂን የሚባል ወንዝ ነው። ከላይ ሲያዩት አያስፈራም፤ በአብዛኛው ቀን ጉልበት የማያልፍ ውሃ ነው። ነገር ግን በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ በአማካይ 13 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ለወንዝ ይህ ከባድ ቁልቁለት ነው። በሞላ ጊዜ አሸዋና ቋጥኝ እየነዳ ወለሉን ይፈጫል።

ወንዙ ወደ ታች ሲቆርጥ ሸለቆውን ወደ ጎን የሚያሰፋው ግን ሌላ ውሃ ነው። ከአምባው አናት ላይ የወደቀው ዝናብና በረዶ በአሸዋ ድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ቀስ እያለ ይሰርጋል። ከሥር ውሃ እንደ ልብ የማያሳልፍ ንብርብር ሲያጋጥመው ወደ ጎን ዞሮ በገደሉ ላይ ይፈልቃል። አልቃሹ ድንጋይ በሚባለው ቦታ የሚንጠባጠበው ውሃ ከላይ ከወደቀ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጠብታው ባረፈበት ሁሉ ፈርንና ሌላ ለምለም ተክል ከግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ይበቅላል፤ ከዛየን በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ ኢምንት ቀንድ አውጣም በዚሁ እርጥበት ይኖራል። ምንጩ በሚወጣበት ቦታ የድንጋዩ ማጣበቂያ እየሟሟ የገደሉ እግር ይሳሳል፤ እግሩ ሲሳሳ ከላይ ያለው ተገምሶ ይወድቃል። የገርዓልታን አምባዎች ያየ ሰው ቀጥ ብሎ የቆመ የአሸዋ ድንጋይ ግድግዳ ለዓይኑ እንግዳ አይሆንበትም፤ እዚህ የሚለየው ከግርጌው የሚሄደው ወንዝ ነው።

ሸለቆው ጠባብ፣ እንግዳው ብዙ ነው። በመኪና ብዛት መተንፈሻ ያጣው ፓርክ ከ2000 ጀምሮ ጎብኚዎችን በራሱ አውቶቡስ ያመላልሳል። ከፀደይ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜና በዓመቱ መጨረሻ በዓላት የግል መኪና ወደ ዋናው ሸለቆ አይገባም። መጀመሪያ ላይ ነጻነት የተነፈገ ሊመስል ይችላል። ሆኖም አውቶቡሱ ሄዶ ጸጥታ ሲወርድና የወንዙ ድምፅ ሲሰማ የውሳኔው ጥቅም ይገባል።

ለእግረኛ ብዙ መንገድ አለ። ለልጅና ለአዛውንት የሚሆነው ከመጨረሻው ፌርማታ ተነስቶ ወንዙን ዳር ዳሩን የሚከተለው የ1.7 ኪሎ ሜትር ያህል ጥርጊያ ነው። ጥርጊያው ባለቀበት ናሮውስ ይጀምራል። እዚያ መንገዱ ራሱ ወንዙ ነው፤ 300 ሜትር ያህል ከፍታ ባላቸው ግድግዳዎች መካከል፣ ስፋቱ በአንዳንድ ቦታ ከ6 እስከ 9 ሜትር በሆነ ስንጥቅ፣ በትር ይዞ በውሃ ውስጥ መራመድ። በብርዱ ወራት ውሃው አጥንት ስለሚሰብር ውሃ የማያስገባ ልዩ ልብስ ተከራይተው ነው የሚገቡት።

ከፍታ የሚወድ ሰው ኤንጅልስ ላንዲንግ ይወጣል። ደርሶ መልሱ 8.7 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅብ የሚወጣው 450 ሜትር ያህል ነው። 21 ጥምዝምዞች ካለፉ በኋላ በሁለት ገደሎች መካከል የቀረ ቀጭን ጀርባ ይመጣል፤ እዚያ የሚያዘው ድንጋዩ ላይ የተቸነከረ ሰንሰለት ብቻ ነው። ከ2022 ጀምሮ ሰንሰለቱን ይዞ ለመውጣት በዕጣ የሚገኝ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ የሚደረስበት ሰንሰለቱ ከሚጀምርበት አጠገብ ያለው ሜዳ ነው። እኛም እዚያ ተቀምጠን በሶአችንን በላን፤ ጓደኛዬ አብሮኝ ባይኖር ያን ዳገት በእርጋታ እወጣው ነበር ለማለት አልደፍርም።

ደራሽ ጎርፍ

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለእነዚህ ስንጥቆች የተነገረ ይመስላል። ድንጋዩ ራቁቱን ስለሆነ ብርቱ ዝናብ ሲመታው የሚሰርገው ጥቂት ነው፤ የቀረው ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ ወደ ጠባቡ ስንጥቅ ይገባል። በሜዳ ላይ ቁርጭምጭሚት የሚያረጥበው ውሃ በስንጥቁ ውስጥ ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከራስ በላይ ያለው ሰማይ ጠርቶ ሳለ መምጣቱ ነው፤ ዝናቡ የዘነበው ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ሊሆን ይችላል።

ነሐሴ 1997 በሰሜን አሪዞና፣ በናቫሆ ሕዝብ ምድር ባለው የታችኛው አንቴሎፕ ካንየን የሆነው ይኸው ነው። ከሩቅ የዘነበ ዝናብ ያመጣው ጎርፍ 11 ጎብኚዎችን ገደለ። ዛሬ ወደዚያ ስንጥቅ ያለ ናቫሆ አስጎብኚ አይገባም። መስከረም 2015 ደግሞ በዛየን ውስጥ ኪሆል በሚባል ጠባብ ስንጥቅ በገመድ ይወርዱ የነበሩ ሰባት ሰዎች በአንድ ጎርፍ አለቁ።

አደገኛው ወቅት ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ነው፤ በአገር ቤት ክረምት ሲሆን በዚያም ነጎድጓድ የያዘ ዝናብ ይመጣል። የፓርኩ ጠባቂዎች የዕለቱን የጎርፍ ግምት በየጠዋቱ ይለጥፋሉ። የወንዙ ፍሰት በሰከንድ ከ4 ሜትር ኩብ ትንሽ ሲያልፍ ናሮውስ ይዘጋል። በውስጥ ያለ ሰው ራሱ ማየት ያለበት ምልክትም አለ፦ የጠራ ውሃ ሲደፈርስ፣ ቅጠልና ጭራሮ እየተንሳፈፈ ሲመጣ፣ ከላይ የሚያጉረመርም ድምፅ ሲሰማ። ያን ጊዜ ዕቃ ለመሰብሰብ ጊዜ የለም፤ ወደ ከፍታ መውጣት ብቻ ነው። መውጣት የጀመረም ውሃው እስኪጎድል እዚያው ይቆይ።

ብራይስ፦ የውርጭ እጅ

ከዛየን ወደ ብራይስ የሚወስደው መንገድ በ1930 በተከፈተ 1.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ደጋ ይወጣል። የብራይስ አፋፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 እስከ 2,700 ሜትር ከፍ ያለ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ቀዩ ድንጋይ በረዶ ለብሶ ይጠብቃል።

ብራይስ በስሙ ሸለቆ ይባል እንጂ ወንዝ የቆረጠው ሸለቆ አይደለም። ውርጭ ከአምባው ጠርዝ እየቦረቦረ የሠራው ገደላማ እልፍኝ ነው። ድንጋዩ ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በሐይቅና በወንዝ ደለል የተከማቸ ነው፤ አንዱ ንብርብር ጠንካራ፣ ሌላው ልል። ቀን ላይ በረዶው ቀልጦ በስንጥቁ ይገባል፤ ሌሊት ይረጋል። ውሃ ሲረጋ መጠኑ ወደ 9 በመቶ ስለሚጨምር ድንጋዩን ከውስጥ ይገፋዋል። የዓመቱ ግማሽ ገደማ ቀኑ የሚያቀልጥ፣ ሌሊቱ የሚያረጋ ስለሆነ ይህ ግፊያ ያለ ዕረፍት ይደጋገማል። መጀመሪያ ከአምባው ቀጭን ግድግዳ ይለያል፤ ቀጥሎ ግድግዳው ይበሳና መስኮት ያወጣል፤ የመስኮቱ ጣራ ሲወድቅ ሁዱ የሚባለው ዓምድ ብቻውን ይቀራል። አናቱ ላይ የተቀመጠው ጠንካራ ድንጋይ ከሥሩ ያለውን ልል ዓምድ ከዝናብ ይጠብቃል። እሱ የወደቀ ቀን ዓምዱም ብዙ አይቆይም። ፓዩቶች በጥንት ተረታቸው እነዚህን ዓምዶች ኮዮት የተባለው ብልጣብልጥ የዱር አውሬ በክፋታቸው ወደ ድንጋይ የለወጣቸው ፍጡራን ናቸው ይላሉ።

ወደ ዓምዶቹ መካከል የሚወርደው በጣም የታወቀው መንገድ ዞሮ ለመመለስ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ አጭር ቢሆንም ቁልቁለቱ በመጀመሪያ፣ ዳገቱ በመጨረሻ ነው፤ አየሩም ሳሳ ያለ ነው። በብርዱ ወራት የመንገዱ አንድ ክንፍ ድንጋይ ስለሚረግፍበት ይዘጋል። በክፍቱ ላይ የረጋው በረዶ መስተዋት ስለሚሆን ከጫማ ሥር የሚታሰር ባለጥርስ ብረት ያስፈልጋል።

የሁለት ሰው መንገድ

ሚያዝያ 2003 አሮን ራልስተን የተባለ ተራራ ወጪ በደቡብ ምሥራቅ ዩታ ብሉጆን በሚባል ስንጥቅ ብቻውን ሲሄድ የተንሸራተተ ቋጥኝ ቀኝ እጁን ያዘው። የት እንደሄደ ለማንም አልተናገረም ነበር። ከአምስት ቀን በላይ ከቆየ በኋላ እጁን ራሱ ቆርጦ ወጣ። የእሱ ታሪክ ለበረሃ መንገደኛ ሁሉ ትምህርት ነው፦ ከጓደኛ ጋር መሄድ፣ ለቀረ ሰው ደግሞ መንገዱንና የመመለሻውን ሰዓት ነግሮ መውጣት። በሸለቆዎቹ ውስጥ ስልክ በብዙ ቦታ አይሠራም።

ጓደኛ የሚጠቅመው ለአደጋ ብቻም አይደለም። ላብ በደረቅ አየር ቶሎ ስለሚተን ሰው መጠማቱን ሳያውቅ ይደክማል፤ ብርድም ቢሆን እንዲሁ ነው። ጠባቂዎቹ ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን 4 ሊትር ያህል ውሃ ይመክራሉ። ጠጣ፣ በል፣ ፀሐዩ ሊጠልቅ ነው እንመለስ የሚል ድምፅ ከጎን ሲኖር ምክሩ በተግባር ይውላል።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ ለምድሩ ነው። ከመንገድ ዳር ጠቆር ብሎ፣ ሸካራ ቅርፊት መስሎ የሚታየው አፈር ሕያው ነው። ጥቃቅን ባክቴሪያዎች፣ ድንጋይ ሽበትና ሌሎች ጥቃቅን ሕይወቶች አሸዋውን አያይዘው ውሃ ያስቀሩበታል፤ ከነፋስም ይከላከሉለታል። በአንድ እርምጃ የተሰበረው እስኪያገግም ብዙ አሥርተ ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ ለፎቶ ብሎ ከመንገድ መውጣት በዚህ አገር ቀላል ጥፋት አይደለም።

በላስ ቬጋስና በአካባቢው የምትኖሩ ወገኖች ይህ ሁሉ ደጃችሁ ላይ ነው። የመኪና መግቢያ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ለ7 ቀን ያገለግላል። ልጆች በጎብኚዎች ማዕከል የተዘጋጀላቸውን መጽሐፍ ሠርተው ሲጨርሱ በጠባቂ ፊት ቃል ገብተው የትንሽ ጠባቂነት ባጅ ይቀበላሉ። በወንዙ ዳር ጥርጊያ ጀምሩ። በየቦታው ልጆቹን ይህን የሠራው የትኛው ውሃ ነው ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ወንዝ፣ ምንጭ፣ ጎርፍ ወይስ ውርጭ። መልሱን ከግድግዳው ማንበብ የቻለ ልጅ መቼ መግባት፣ መቼ መመለስ እንዳለበትም ያውቃል።